ጉበቱ ለማን ደረሰ

ባሌ ኤቫልድ አጋዘን ሲገድል ሥጋውን ለሥጋ ቤት ይሸጣል፣ ቆዳውን ለለመነው ይሰጣል፣ ቀንዱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ጉበቱ ግን የኔ ነው። እኛ ሐርዝ ተራራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን የአዳኝ ድርሻ እንለዋለን፦ አጋዘኑን የጣለና እዚያው ሆዱን ከፍቶ ያጸዳ ሰው ልቡን፣ ጉበቱንና ኩላሊቱን ማንንም ሳይጠይቅ ይዞ ይሄዳል። የጫካው ባለቤት ቆሞ ቢያይ እንኳ ትንፍሽ አይልም። ኤቫልድ ራሱ ጉበት በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ደም ደም ይለኛል ይላል። ስለዚህ ድርሻውን ተሸክሞ የሚመጣው ለኔ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለኔ ብቻ።

መጀመሪያ ያመጣልኝ ገና ሳንጋባ ነው። በአባቴ ቤት በር ላይ ቆመ፤ በአንድ እጁ በሰፊ ቅጠል የተጠቀለለ ጉበት፣ በሌላው ጭብጥ ሙሉ ሮዝ ቀለም ያለው የሜዳ አበባ። አባቴ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "ሌላው ጎረምሳ ቸኮላታ ያመጣል፤ አንተ ደሙ ያልደረቀ ነገር ይዘህብኝ ትመጣለህ?" አለው። ኤቫልድ ጆሮው እሳት መሰለ። "ቸኮላታማ ሁሉም ያመጣል" አለ። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ እያየሁ፣ በቃ፣ ያን ዕለት ነው ያለቀልኝ።

አበባውን የቀጠፈውም፣ አጋዘኑን የገደለውም ከመንደራችን የእርሳስ ማዕድን ማቅለጫ በታች ካለው ሜዳ ላይ ነበር። ማቅለጫው ያኔ ይሠራል፤ ኤቫልድም ከወጣትነቱ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ነው የሠራው። ከእሳቱ የተረፈው ጥቁር ዝቃጭ ወንዙ ዳር እንደ ኮረብታ ተከምሮ ነበር፣ ዛሬም አለ። ከሥሩ ባለው ሜዳ ላይ ሌላ አበባ እምብዛም አይወጣም፤ ያቺ ሮዝ አበባ ግን ከግንቦት ጀምሮ ምድሩን ታለብሰዋለች። ሰው አይረግጠው፣ ከብት አይገባበት፣ አጋዘኖቹ ተዝናንተው ይውሉበታል። ኤቫልድ የማደኛ ማማውን የሠራው እዚያ ነው። "እነዚህ አጋዘኖች እንደኔው ናቸው፤ ማቅለጫው ጭስ ሥር ነው ያደጉት" ይል ነበር።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ዘጠና ስምንት ቀንድ አለ። እያንዳንዱ በትንሽ ጣውላ ላይ ተቸንክሯል፤ ከሥሩ ቀኑና ቦታው በኤቫልድ እጅ ተጽፏል። አቧራውን የማራግፈው ማን እንደሆነ መቼም አትጠይቁኝም። "አንድ ቀን ሁሉንም ምድጃ ውስጥ እከታቸዋለሁ" እያልኩ ስዝትበት ኖርኩ። እሱም "ያኔ አንቺን በቦታቸው እሰቅልሻለሁ" ይለኛል። እንግዲህ ፍቅራችን እንዲህ ነው።

ልጃችን ማራይከ አንድ ናት። ከእሷ በፊት አንድ ልጅ ነበረን፤ በ1976 በስድስተኛ ወሩ ከሆዴ ወጣ። ስለ እሱ እኔ ብዙ አላወራም፣ ኤቫልድ ጭራሽ አያወራም። ማራይከ ዘንድሮ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስምንት ዓመት ሐኪም ቤት ስትመላለስ ከርማ፣ ተስፋዋን ቆርጣ ከተወችው በኋላ ፀነሰች። ኤቫልድ ሲነገረው ወጥቶ ማገዶ ቤት ገባና አንድ ሰዓት ሙሉ እንጨት ፈለጠ። ሲደሰት እንጨት ይፈልጣል፤ ሲያዝንም እንጨት ይፈልጣል። የትኛው እንደሆነ የማውቀው ከመጥረቢያው ድምፅ ነው።

ግንቦት ላይ ሐኪሙ ማራይከን "ደምሽ አንሷል" አላት። ይህን የሰማ ኤቫልድ ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ደም ካነሰማ መድኃኒቱ ጉበት ነው! ከዛሬ ጀምሮ ድርሻዬ የማራይከ ነው።"

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺ ሃምሳ ዓመት በልተሻል፣ ይበቃሻል።"

"እሰይ! በልጄ ተተካሁ" አልኩት። ተቀየምኩ ብዬ አፌን አጣመምኩ እንጂ ልቤስ ቅቤ ጠጥቶ ነበር።

የመጀመሪያውን ጉበት ስስ ስስ አድርጌ ቆረጥኩት፤ በቅቤ፣ በሽንኩርትና በፖም ጠበስኩት፤ ሳህኑን በፎጣ ሸፍኜ ሦስት መንገድ ተሻግሬ ወሰድኩላት። ማራይከ ፎጣውን ገለጥ ከማድረጓ አፏን ይዛ ሮጠች። ስትመለስ ፊቷ ነጥቷል።

"እማ፣ አልችልም። ሽታው ራሱ ገደለኝ። ለአባዬ እንዳትነግሪው በናትሽ።"

"ምን ልበለው ታዲያ?"

"በላች በይው። ጉልበቱን እያመመው ማለዳ ማማ ላይ የሚወጣው ለኔ ብሎ ነው። ቅር ይለዋል።"

በላች ለማለት ሳህኑ ባዶ መሆን አለበት። መጣል ደግሞ አይታሰብም፤ እናቴ በጦርነት ዘመን ተርባ ያደገች ናት፣ ጉበት የሚጥል እጅ ይቆረጥ ስትል ነው ያሳደገችን። ስለዚህ ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ እኔው ጥርግ አድርጌ በላሁት። እውነቱን ልናገር ካልኩ አይቀር፣ ጣፍጦኝ ነው የበላሁት። ማራይከ መስኮቱን ከፍታ፣ አፍንጫዋን ይዛ ትስቃለች።

ቤት ስመለስ ኤቫልድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፎጣውን ገልጦ ሳህኑን አየ።

"በላች?"

"መብላት ብቻ? ላሰችው እንጂ!"

ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዩት እናንተም ትዋሹ ነበር። ውሸት ደግሞ አንዴ ከጀመሩት ወጪው አያልቅም። በሁለተኛው ሳህን "ሽንኩርት ጨምሪበት ብላለች" አልኩት። በሦስተኛው "ስትበላ ልጁ ረገጣት፤ ወዶታል መሰለኝ" አልኩት። ያን ቀን ኤቫልድ እያፏጨ ዋለ። በዓመት ሁለት አጋዘን ይበቃው የነበረ ሰውዬ፣ በሰባ አራት ዓመቱ፣ በአንድ በጋ አምስት ገደለ። አምስት ጊዜ ሳህን ተሸከምኩ፣ አምስት ጊዜ በላሁ፣ አምስት ጊዜ ዋሸሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት ያለች ልጅ በራችንን አንኳኳች። ወይዘሪት ሉደርስ እባላለሁ አለች። ቀጭን ናት፤ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቷል፤ በትከሻዋ ከባድ ቦርሳ አንግታለች። የአጋዘን ቀንድ ነው የምመረምረው አለች። ወንድ አጋዘን በየዓመቱ አሮጌ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያወጣል፤ ስለዚህ አንድ ቀንድ የአንድ ዓመት ነው፤ አጋዘኑ በዚያ ዓመት ከሣሩ ጋር የበላው ነገር እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። ግድግዳችንን ቀና ብላ አየችና፣ "ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ ቦታ፣ ቀኑ ተጽፎ! እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም" አለች። ከየቀንዱ ምስር የምታህል ቀዳዳ ሰርስራ ዱቄቱን ልትወስድ ፈልጋለች።

"ሃምሳ ዓመት ስጠብቀው ኖሬ፣ አንቺ በመሰርሰሪያ ልትበሺው?" አለ ኤቫልድ። "በይ ልጄ፣ በሩ በመጣሽበት ነው።"

ልጅቷ አልተከራከረችም። ዘንድሮ የተሰቀሉትን፣ ገና ነጫጭ የሆኑትን አምስቱን ጠጋ ብላ አየች።

"የመጨረሻ ጉርሻቸውን ሰጥተዋቸዋል?"

አዳኝ አጋዘኑን ሲጥል ቀንበጥ ቆርጦ አፉ ውስጥ ያኖርለታል፤ የመጨረሻ ጉርሻው ነው። ኤቫልድ ዝናብ ቢወርድ በረዶ ቢዘንብ ይህን ሳያደርግ አጋዘን አይነካም።

"ሳልሰጥ ቀርቼ አላውቅም" አለ እንደመኮሳተር ብሎ።

"አባቴም እንደዚያ ነበር። ያላጎረስከውን አትብላ ይለን ነበር።"

ኤቫልድ ወንበር ሳበላት። እኔም የፕሪም ኬክ ቆርጬ አቀረብኩላት። የባሌ ልብ ቁልፉ የት እንዳለ እኔ ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሷ በአምስት ደቂቃ አገኘችው።

"እና ቀንዱ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?" አላት።

"እርሳስ፣ ጋሼ። ካድሚየም የሚባለውን መርዛም ብረትም። ከማቅለጫው የወጣውን።"

"ማቅለጫው እኮ ተዘግቷል! ስንት ዓመቱ!"

"አፈሩ አልተዘጋም። አሁንም እዚያው ነው። አጋዘኖቹን የሚያድኑት የት ነው?"

"ከክምሩ በታች። ሮዝ አበባው ያለበት ሜዳ ላይ።"

ልጅቷ ሹካዋን አስቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ያቺ አበባ ንጹሕ አፈር ላይ እንደማትገኝ፣ እርሳስ ሌላውን አበባ ሲገድለው እሷ ብቻ እንደምትተርፍ፣ ሜዳውን ለብቻዋ የሞላችውም ለዚህ እንደሆነ ነገረችን። እኔ በሃያ ዓመቴ ደረቴ ላይ ያቀፍኳት አበባ ትዝ አለችኝ።

"ሥጋውስ?" አለ ኤቫልድ።

"ሥጋው ይሻላል። መርዙን የሚሰበስቡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የዚያን ሜዳ ጉበት ማንም ባይበላ ነው የምንመክረው። ነፍሰ ጡር ደግሞ በፍጹም—"

ኤቫልድ ተነሳ። ወንበሩ ወደኋላ ወደቀ፤ አላነሳውም። በጓሮ በር ወጣና ማገዶ ቤት ሲገባ ሰማሁት።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ከኋላው ሮጬ "አልበላችም!" ማለት ነበረብኝ። ግን ያን ሁሉ ሽንኩርትና እርግጫ የፈጠረ አፌ ተሳሰረ። እንጨት ሲፈልጥ ልስማና እሄዳለሁ አልኩ ለራሴ። ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም ድምፅ የለም። በአርባ ዘጠኝ ዓመት ትዳር ኤቫልድ ማገዶ ቤት ገብቶ መጥረቢያ ሳያነሳ ሲቀር የመጀመሪያዬ ነው።

"ምን አጠፋሁ?" አለች ልጅቷ።

"ምንም። ኬክሽን ብዪ።"

ደህና አድርጎ ያሳደጋት ሰው አለ፤ ጭንቀቴን ስታይ እኔ ላይ ማፍጠጥ ትታ ወደ ግድግዳው ዞረች። "ላውርዳቸው?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት። ጥግ ላይ ያለውን፣ የመጀመሪያውን ቀንድ አውርዳ ገለበጠችው።

"ከጀርባውም ተጽፏል እኮ" አለች።

"ምን ተብሎ?"

"'ጉበት፦ ገርሊንደ። አባቷ ሳቀብኝ።'"

ገርሊንደ እኔ ነኝ። ከእጇ ቀምቼ አየሁት፤ የራሱ የኤቫልድ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛውን አወረድኩ። "ጉበት፦ ገርሊንደ።" ሦስተኛውን። "ጉበት፦ ገርሊንደ፣ ሙሽራ።" አንዱን ሳነሳ አንዱን ስገለብጥ ጠረጴዛው ሞላ። "ጉበት፦ ገርሊንደ። ሴት ልጅ ተወለደችልን!" "ጉበት፦ ገርሊንደ። ተኳርፈን ነበር፤ ግን በላች።" "ጉበት፦ ድመቷ ሰረቀችው። ገርሊንደ ደጁ ድረስ አባረረቻት።" እናንተዬ፣ እኔ እነዚያን ጣውላዎች ሃምሳ ዓመት ፊታቸውን ስጠርግ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ጀርባቸውን አላየሁም። በሕይወቱ አንድ የፍቅር ደብዳቤ ጽፎልኝ አያውቅም እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ አምቼዋለሁ።

የ1976ቱን ሳገኝ ተቀመጥኩ። "ጉበት፦ ገርሊንደ፣ አልጋ ላይ። እኔ ጠበስኩት፣ አረረ። ምንም አላለችኝም።"

አስታወስኩት። ሕፃኑን ካጣን ሳምንት አልሞላንም። ኤቫልድ በሕይወቱ መጥበሻ ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ቤቱን በጭስ ሞልቶ ከሰል የመሰለ ነገር በሳህን አመጣልኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እስክጨርስ ጠበቀኝ። በላሁት፤ ሁሉንም በላሁት፤ ግን ያን ሰሞን ከማንም ጋር የማወራበት አፍ አልነበረኝም።

"እማማ ገርሊንደ" አለች ልጅቷ። ዘንድሮ የተሰቀሉትን ይዛለች። "እነዚህ አምስቱ ላይ 'ጉበት፦ ማራይከና ልጇ' ይላል። ማራይከ ማን ናት?"

"ልጄ። ሰባት ወሯ ነው።"

"ዛሬውኑ ሐኪም ማየት አለባት! አምስት ጊዜ ከሆነ—"

"አልበላችም!" ብዬ ጮኽኩ። "እኔ ነኝ የበላሁት! አምስቱንም! እሷ ስለሚያስመልሳት እኔ እየበላሁ ለእሱ በላች እያልኩት ነው!"

ልጅቷ ፊቷ ላይ ደም ተመለሰ። "ታዲያ ለጋሼ ይንገሯቸው እንጂ!"

"ልሄድ ነው፤ አታጣድፊኝ" አልኳት። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ እንዴት ይቀላል።

ማገዶ ቤት ስገባ ኤቫልድ ግንድ ላይ ተቀምጧል። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ዙሪያውን ያዞረዋል።

"አምስቴ" አለ ቀና ሳይል። "ስምንት ዓመት ሙሉ ለምና ያገኘችውን ልጅ አምስቴ በእጄ መረዝኩት።"

"ኤቫልድ፣ ስማኝ።"

"መጀመሪያ ያንቺን። አሁን ደግሞ የእሷን።"

አንጀቴን በላው። አርባ ሰባት ዓመት ስለዚያ ልጅ አንዲት ቃል ያልወጣው ሰው ነው።

"ማራይከ አልበላችም" አልኩት። "አንድ ቁራጭ እንኳ። ሽታው ያስመልሳታል።"

ቀና አለ። "ሳህኑን ላሰችው ብለሽኝ የለም?"

"ዋሸሁህ።"

"ሽንኩርት ጨምሪ ያለችውስ?"

"ሽንኩርት የምወደው እኔ መሆኔ ጠፍቶህ ነው?"

"ልጁ ረገጠ ያልሽኝስ?"

"እሱንም ፈጠርኩት።"

"አንቺ ሴትዮ!" ብሎ ተነሳ። "ጉልበቴ እየተሰነጠቀ ያን መሰላል የወጣሁት... እኔ እኮ ለጎረቤቱ ሁሉ ስነግር..." አልጨረሰውም። ሁለት እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "አልበላችም? በእግዜር?"

"በእግዜር። በሞተችው እናቴ።"

"አልበላችም" አለ ደግሞ ለራሱ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። ሳቅ ሊለው ሲል ድንገት ቆመ። "ታዲያ ጉበቱን ምን አደረግሽው? ጣልሽው?"

"እኔ ጉበት ልጥል? እናቴ ከመቃብሯ ተነስታ ትመታኛለች።"

"የት ገባ ታዲያ?"

ሆዴን መታ መታ አደረግኩለት። "እዚህ።"

ሊስቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየኝ ሁሉ አየኝ።

"ዘጠና ስምንት" አለ።

"ዘጠና ሰባት። አንዱን ድመቷ ሰርቃብሃለች፤ ራስህ ጽፈኸዋል።"

"ጀርባውን አየሽው?"

"አየሁት።"

አንገቱን ደፋ። "አንቺን ግን አላሰብኩም፣ ገርሊንደ። ከዚያ ወንበር ስነሳ ማራይከን ብቻ ነው ያሰብኩት። አንቺ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከእጄ..."

"ይኸው ቆሜ የለም እንዴ? በሰባ አንድ ዓመቴ ደረጃ ስንወጣ የሚጠብቅ ማን ነው፣ የሚያለከልክ ማን ነው?"

"ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"እሺ።"

"አብሬሽ ነው የምገባው።"

"እሺ አልኩህ እኮ!"

ኮፍያውን አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። "ያኛውስ ልጅ?" አለ። "በኔ ነው የሄደው?"

ምን ልበለው? ያን ዘመን የማቅለጫው ጭስ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ላይ ነበር፣ ሰላጣው ላይ ነበር፣ እሱ ራሱ ከሥራ ሲመጣ ፀጉሩ ላይ ነበር። ያለ ምንም ጭስም ስንቷን ሴት ያስወርዳታል። "አላውቅም" አልኩት። "አንተም አታውቅም።" እውነቱን ነው የነገርኩት፤ ግን አላሳረፈውም፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

ሳሎን ስንመለስ ልጅቷ ጣውላዎቹን በየዓመታቸው ደርድራ ቆማለች። ኤቫልድ ከመሳቢያው እስክሪብቶ አወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ የዘንድሮዎቹን አምስቱን ወደ ራሱ ሳበ። "ማራይከና ልጇ" የሚለውን አንድ በአንድ ሰረዘ። "ውሸት የተጻፈበት ነገር ለዩኒቨርሲቲ አይሰጥም" አለ። በእያንዳንዱ ላይ "ገርሊንደ" ብሎ ጻፈ። አምስተኛው ላይ ትንሽ አሰበና ጨመረበት፦ "ገርሊንደ፣ በሌብነት።" ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፈነች። እኔ ክንዱን ቆነጠጥኩት።

የ1976ቱን ግን አንስቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠው።

"ይህችን አትወስጃትም። ሌላውን ብሺው። ይህቺ ውስጥ ያለውን ማወቅ አልፈልግም።"

"ጋሼ፣ የዚያን ዓመት ቀንድ ከእርስዎ በቀር ያለው ሰው አላገኘሁም" አለች። "ግን እምቢ ካሉ እምቢ ነው።"

ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ያችን ጣውላ ወደ ግድግዳው ቢመልሳት በየቀኑ እያያት ሊኖር ነው፤ ወንበሩ ደግሞ ፊት ለፊቷ ነው። የማራይከን ልጅ ጭንቀት ከልቡ ያወጣሁለት መስሎኝ ነበር፤ ያጣነው ልጃችን ጭንቀት ገብቶ ተቀምጧል።

"ስጣት፣ ኤቫልድ" አልኩት።

"ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንስ?"

"ይሁን። ሳናውቅ አርባ ሰባት ዓመት ኖርን፤ ምን ተረፈን? ስጣት።"

ሰጣትና ካርቶን ላምጣ ብሎ ወደ ምድር ቤት ወረደ። እግሩ ከደረጃው ሲርቅ እስክሪብቶውን አነሳሁ፤ ከእሱ ጽሑፍ ሥር አንዲት መስመር ጻፍኩ። ልጅቷ አየች። ምንም ሳትጠይቀኝ በጋዜጣ ጠቀለለችው።

ሰኞ ዕለት ሐኪም ቤት ሄድን። ነርሷ ደም ስትቀዳኝ ኤቫልድ ሌላ እጄን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ፤ የተወጋሁት እኔ፣ የተንጨረጨረው እሱ። ውጤቱ ሲመጣ ከሚገባው በላይ እርሳስ አለብሽ አሉኝ፤ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ጉበቱን ተዪና በየስድስት ወሩ እየመጣሽ ታዪ አሉኝ። ኤቫልድ ማማውን አፍርሶ ተራራው አናት ላይ፣ ከማቅለጫው ማዶ ሠራው። መሰላሉ አሁን ሁለት ደረጃ አጠር ብሏል። አጋዘኑን ሲያጸዳ ጉበቱን እዚያው ጉድጓድ ምሶ ይቀብረዋል። ጥቅምት ላይ ማራይከ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ደሙ ተመርምሮ ንጹሕ። ኤቫልድ ከሐኪም ቤቱ ተመልሶ የክረምቱን ማገዶ በሙሉ በአንድ ቀን ፈለጠ። ድምፁን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ቀንዶቹ የተመለሱት ጥር ላይ ነው፤ በየጀርባቸው ምስር የምታህል ቀዳዳ አላቸው። አብሮ ደብዳቤ መጣ፣ ከደብዳቤው ጋር የቁጥር ዝርዝር። ማራይከ ሕፃኑን ይዛ መጥታ ስለነበር እሱ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ኤቫልድ ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ ቀስ እያለ ወደ ታች ነዳው። ማቅለጫው ከተዘጋ ወዲህ ያሉት ያንሳሉ፤ ቢያንሱም አልጠፉም። የድሮዎቹ ከፍ ይላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው የ1976ቱ ነው። ወይዘሪት ሉደርስ ከሥሩ በእጇ ጽፋለች፦ ይህ ቁጥር የአጋዘኑን ነገር ብቻ ይናገራል፤ በሰው ላይ የደረሰውን ከዚህ ተነስቶ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ኤቫልድ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፎ ቀንዶቹን ወደየቦታቸው መስቀል ጀመረ። እኔ መዶሻና ምስማር አቀብለዋለሁ፣ ማራይከ ወጥ ቤት ውኃ ታፈላለች። የ1976ቱ ላይ ሲደርስ በእጁ እንደያዘ ቆመ። መገልበጡን የፈራ ይመስል ነበር። ገለበጠው።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎት ነበር፤ አወረደው። ከራሱ ጽሑፍ ሥር፣ "ምንም አላለችኝም" ከሚለው ቀጥሎ፣ የኔን አነበበ፦ "ጣፍጦኝ ነበር። ገርሊንደ።"

ትከሻው ብቻ ነው የሚታየኝ። አውራ ጣቱን በጽሑፉ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሰው።

"አርሮ ነበር እኮ" አለ።

"አርሮም ጣፍጦኛል" አልኩት። "በል ስቀለውና ና፤ ልጁ ነቅቷል።"